አንዲት ጥንዚዛ በሁለት ስም

ለቀስተኛዋ በሩን ሳታልፍ ነው የጀመረችው። «ምን ይዋጥሽ እንግዲህ፣ ምን ይዋጥሽ» እያለች መጥታ ሻይ የምታድለው ሴት አንገት ላይ ተጠመጠመች። ሻይ የምታድለው ሴት ትሪውን በሁለት እጇ እንደያዘች ነበር። ትሪውን የምታሳርፍበት ቦታ የለም፣ ሴትየዋን የምታቅፍበት እጅ የለም፤ እናም ብርጭቆዎቹ እየተንቀጫቀጩ፣ ሻዩ እየፈሰሰ፣ ለቅሶው እስኪያባራ ቆማ ጠበቀች።

«እኔ አይደለሁም» አለች በመጨረሻ፣ ጥፋቱ የሷ እንደሆነ ሁሉ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እህቷ ነኝ። ባለቤቱ ያቻትና፣ ሶፋው ላይ።»

ለቀስተኛዋ ቀና ብላ አየች። ሶፋው ላይ ያው ፊት፣ ያው ቅንድብ፣ ያው ጥቁር ሻሽ ቁጭ ብሎ ያያታል። እንባዋን ጠረገችና ወደ ትክክለኛዋ ሐዘንተኛ ተሻግራ «ምን ይዋጥሽ እንግዲህ» ብላ ከመጀመሪያው ጀመረች። ግን እንደ ፊተኛው አልሆነላትም። ሁለተኛ ውሃ እንደገባበት ሻይ ቀጥኖባት ነበር።

መርፌ ይህን ሁሉ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና አየች። መርፌ የሟች አንድ ልጅ ናት። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው። ለሰው «ቀጭን ስለሆነች ነው» ይላል፤ ለሷ ብቻ ግን «ተናግረሽ ከሄድሽ በኋላ ነው የሚያመው» ብሏታል። ከቀብሩ ወዲህ ስንት ሰው እናቷን ትቶ አክስቷ ላይ እንዳለቀሰ መቁጠር ትታለች። የሰፈሩ ባንክ ሥራ አስኪያጅ ያን የመሰለ ረጅም የማጽናኛ ንግግር ሙሉውን ለአክስቷ አድርጎ፣ መሳሳቱን ሲነግሩት ወደ እናቷ ዞሮ «ከላይ እንደገለጽኩት ነው» ብሎ ተቀምጧል። አባቷ ይህን ቢሰማ በሳቅ ይሞት ነበር። ይህንኑ ለአንድ ሰው ልታወራ አፏን ከፍታ፣ ትዝ ሲላት መልሳ ዘጋችው።

ነገሩ የሚያስቀው ሟቹ ማን እንደነበር ለሚያውቅ ነው። አባቷ በሙዚየሙ ምድር ቤት፣ ከማሞቂያ ቱቦዎቹ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ዕድሜውን የፈጀው የሚመሳሰሉ ነገሮችን በመለየት ነው። በእስያ ተራሮች ላይ፣ የበሰበሰ ቅጠል ስር የሚኖሩ፣ የሰሊጥ ፍሬ የሚያክሉ ጥንዚዛዎች አሉ። ሁሉም ቡናማ ናቸው፣ ሁሉም ያብረቀርቃሉ። ሌላው ሰው ብናኝ ነው ብሎ እፍ የሚለውን፣ እሱ ማይክሮስኮፕ ስር አድርጎ «ይቺና ይቺማ ዝምድናቸው እንኳ የሩቅ ነው» ይላል። እርግጡን የሚያውቀው ግን የወንዴውን ሆድ ከፍቶ ብልቱን አውጥቶ ሲያይ ነው፤ ላያቸው ቢመሳሰልም እዚያ ላይ እያንዳንዱ ዝርያ የራሱ ቅርጽ አለው፣ አንዱ እንደ ማንኪያ፣ አንዱ እንደ መንጠቆ። መርፌ ገና ልጅ ሳለች አስተማሪዋ «አባትሽ ምን ይሠራል?» ስትላት ይህንኑ ሳትጨምር ሳትቀንስ ለክፍሉ በሙሉ አስረድታ፣ እናቷ ትምህርት ቤት ተጠርታለች።

ይኸው ሰውዬ ግን ከግብዣ ሲወጣ የሌላ ሰው ኮት ለብሶ ይሄዳል። ሚስቱን በእህቷ ስም ይጠራል፣ እህቷን በሚስቱ ስም። ሁለቱም አቤት ይሉታል።

«ይሄ ነገር ባቄላ ነው?» አለ ሶፋው ጫፍ ላይ የተቀመጠው ፀጉር አስተካካይ፣ ከእናቷ ራስ በላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል እያየ።

«ጥንዚዛ ናት» አለች እናቷ። «በኔ ስም ነው የሰየማት።»

ፀጉር አስተካካዩ ሥዕሉን አየ፣ እናቷን አየ፣ የሚመሳሰሉበትን ነገር ፈልጎ አጥቶ ብስኩቱን ነከሰ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ከነፍሳት ጋር ሲኖር» አለ ቀጥሎ፣ «አንድ ቀን እንኳ ነቀዝ ማጥፊያ አልነገረንም። ነፍሱን ይማረው።»

ዝንቡ የመጣው ይሄኔ ነው። ዝንቡ የመርፌ የሥራ ባልደረባ ነው፤ በሙዚየሙ ዝንቦችን የሚያጠናው እሱ ስለሆነ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሰው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። መርፌን መተላለፊያው ላይ አግኝቶ አቀፋት፣ «እግዜር ያጥናሽ» አላት፣ ጫማውን አየ፣ ጣሪያውን አየ።

«በል ተናገረው» አለችው።

«ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሰውየው ደውሎ ነው። የመጽሔቱ አዘጋጅ። የመጨረሻውን ማረሚያ ገጽ ፈርመሽ ካልመለስሽ ጥናቱ ለሚመጣው ዓመት ይተላለፋል ይላል። ዳይሬክተሩ ደግሞ የዘንድሮው ሪፖርት ላይ አስገብቶታል።»

«አባቷ ሞቶባታል አላልከውም?»

«አልኩት። በጣም አዘነ። ነገ ጠዋት የነበረውን ነገ ከሰዓት አደረገልሽ።»

ዝንቡ ወደ ሳሎኑ በአገጩ ጠቆመ። «ለእናትሽ ነግረሻታል?»

«አልነገርኳትም።»

«ከፈለግሽ እኔ…»

«አንተ ምንም እንዳትናገር። ግባ፣ እግዜር ያጥናችሁ በል፣ ሻይ ጠጣ፣ ሂድ።»

ያልተነገረው ይሄ ነው። አባቷ በወጣትነቱ፣ እንዳገባ ሰሞን፣ አንድ ጊዜ ብቻ እስያ ሄዶ ነበር። ከአንድ ተራራ ወዲህና ወዲያ ቅጠል እያበጠረ ጥንዚዛ ለቅሞ ተመለሰና በአንድ ጽሑፍ፣ በአንድ ቀን፣ ሁለት አዳዲስ ዝርያዎች አሳተመ። አንዷን በሚስቱ ስም ሰየማት፣ አንዷን በሚስቱ እህት ስም። የሚለዩት በዚያው በወንዴው ብልት ነው፤ የአክስቷ ጥንዚዛ ጫፉ ቀጥ ያለ፣ የእናቷ ጥንዚዛ ጫፉ እንደ መንጠቆ የተቆለመመ። ሥዕሎቹ በፍሬም ገቡ። የአንዷ እዚህ ሳሎን ተሰቀለ፤ የአንዷ አክስቷ ልብስ ከምትሰፋበት ሱቅ፣ ከመስታወቱ በላይ።

አምና ከዚያው ተራራ አናት ላይ የተለቀሙ ጥንዚዛዎች በአልኮል ጠርሙስ ተጭነው መጡ። መርፌ የአባቷን ሥራ ወርሳ እዚያችው ክፍል ውስጥ ትሠራ ስለነበር ከፈተቻቸው። ሁሉም ቀጥ ያሉ ናቸው። የተቆለመመ የለም። በእናቷ ስም የተሰየመችው ከተለቀመችበት ሸለቆ ሌላ አስመጣች፤ ቀጥ ያለ። በመጨረሻ አባቷ በእጁ ያዘጋጀውን የድሮውን ናሙና አወጣች። ብልቱ ሙጫ ጠብታ ውስጥ ነው፣ ከላዩ ቀጭን ብርጭቆ ተጭኖበታል። ሙጫው ሲደርቅ ብርጭቆው ወደ ታች ወርዶ ጫፉን አጣሞታል። መንጠቆው የጥንዚዛዋ አልነበረም፣ የብርጭቆው ነበር። ሁለቱ ዝርያዎች አንድ ናቸው።

አንድ ከሆኑ አንድ ስም ነው የሚቀረው። ሌላ ጊዜ ቀድሞ የወጣው ስም ይረጋል፣ ያለቀለት ነገር ነው። እነዚህ ግን በአንድ ቀን የወጡ ናቸውና የሙያው ደንብ ለዚህ ያበጀው መላ አለ፤ አንድ መሆናቸውን መጀመሪያ የጻፈው ሰው የትኛው ስም እንደሚቀር ይመርጣል። የመረጠው ለሁልጊዜ ይጸናል። መርፌ መርጣ ነበር። የአክስቷ ስም በአባቷ ጽሑፍ ላይ ከፊት ያለው ገጽ ላይ ስለሚገኝ የአክስቷን ያዘች፤ ቧንቧ የመዝጋት ያህል እንኳ አላሳሰባትም። ያኔ አባቷ በሕይወት ነበር፣ ስምም ስም ብቻ ነበር።

ሆስፒታል ሄዳ ነግራዋለች። መስኮቱ አጠገብ ተኝቶ፣ ጣቶቹ አንሶላው ላይ የሌለ ነገር በመቆንጠጫ እንደሚያነሱ ይንቀሳቀሱ ነበር።

«አባዬ፣ አንድ ናቸው» አለችው።

ጣቶቹ አንሶላው ላይ ቆሙ። «ብርጭቆው ነው?» አለ ከዚያ።

ስለ ብርጭቆው ገና አልነገረችውም ነበር። «እንዴት አወቅህ?»

«ሌላ ምን ሊሆን ይችላል» አለና ዓይኑን ጨፈነ። «እንግዲህ ምርጫው ያንቺ ነው።»

«አንተ ብትሆን የቱን ትመርጥ ነበር?»

«እኔማ ሁለቱንም ጻፍኳቸው እኮ» አለ፤ ወደ መስኮቱ ዞረ። የተኛ መሰለ። እንደምታውቀው በሕይወቱ የተኛ መስሎ ከስንት ነገር አምልጧል። ሰውየው ስህተት ነው የሠራው፣ ወይስ ስህተቱን ያወቀው ያኔውኑ ነው? እነዚያን ብናኞች የሚለየው ዓይኗ ይሄን መለየት አቃተው፤ እስካሁንም እንዳቃተው ነው።

ዝንቡ ክፉ ሰው አይደለም። ችግሩ ዝምታ ሲረዝም የመሙላቱ ኃላፊነት እሱ ላይ የወደቀ የሚመስለው ዓይነት ሰው መሆኑ ነው። ሳሎን ሲገባ አክስቷ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት ወንበር አግኝታ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ተቀመጠ። ሻዩን ጠጣ። ብስኩቱን ጨረሰ። ወንበሩን ጠጋ አደረገ።

«አይዘኑ፣ እማማ» አላት። «ከሳቸው ሞት ላይ ጥንዚዛዋም መጨመሯ ከባድ ነው። ግን ሳይንስ እንደዚህ ነው፣ አንዱ ስም ይወድቃል። ደግሞም የቀረው የእህትዎ ስም ነው። ከቤተሰብ አልወጣም።»

አክስቷ አላረመችውም። ባዶ ብርጭቆውን ከእጁ ተቀበለችና ተነሳች።

መርፌ ወጥ ቤት ስትገባ አክስቷ የታጠቡትን ብርጭቆዎች መልሳ ታጥባለች።

«ያ ልጅ እናትሽን መስዬው ነገረኝ» አለች ሳትዞር። «የሷ ወድቆ የኔ ሊቀር ነው?»

መርፌ ዝንቡን የምትገድልበትን መንገድ ለአፍታ አሰበችበት። «እንደዚያ ነው የጻፍኩት፣ አክስቴ።»

«እንግዲያው ቀይሪው።»

«ለምን?»

«ለምን ትያለሽ እንዴ? ባሏን ቀብራ ሳትጨርስ ስሟን ልትነጥቂያት ነው? ግድግዳው ላይ ሰቅላው፣ ለመጣው ሁሉ እያሳየችው? የኔን ጣዪው። ሱቅ የሚመጣው ሰው ዚፕ ለማስቀየር ነው፣ ቀና ብሎ የሚያየው የለም።»

«አንቺስ አታዪውም?»

አክስቷ ቧንቧውን ዘጋች። እጇን በልብሷ አደረቀች፤ መዳፏን፣ የእጇን ጀርባ፣ እንደገና መዳፏን።

«የዣንጥላውን ታሪክ ታውቂዋለሽ» አለች።

የማያውቀው የለም። እናቷ በየግብዣው የምትተርከው ነው። አባቷ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ሲለማመደው የከረመውን የጋብቻ ጥያቄ ከኋላ መጥቶ ለአንድ ቢጫ ዣንጥላ ተናገረ። ዣንጥላው የአክስቷ ነው፤ የዚያን ቀን የተዋሰችው ግን እናቷ ነች። ተናግሮ ሲጨርስ ዣንጥላው ዞረና «እሺ» አለው። እናቷ እዚህ ላይ ስትደርስ «እኔን አይደለም፣ ዣንጥላውን ነው ያገባው» ትላለች፣ ሰው ሁሉ ይስቃል፣ አባቷ ጆሮው እስኪቀላ ይስቃል። አክስቷ ሁልጊዜ ይህ ታሪክ ሲጀመር ውሃ ልታመጣ ትነሳለች። መርፌ ይህን ያስተዋለችው አሁን ነው፤ የጥንዚዛ ጉልበት ላይ ያለች ፀጉር የማታመልጣት ሴት።

«ቀልድ ነው ብለሽ ነው» አለች አክስቷ። «በማግስቱ ሱቅ መጣ። ነጭ ካፖርቱን ይዞ፣ ቁልፍ ሊያስተክል የመጣ አስመስሎ። ‹ተሳስቻለሁ› አለኝ። ‹ሄጄ ልንገራት?› አለኝ። እሷ ደግሞ እቤት እየዘፈነች ነው። እናታችን ከሞተች ወዲህ ስትዘፍን ሰምቻት አላውቅም ነበር። ካፖርቱን ተቀበልኩት፣ ቁልፉን ተከልኩለት። ‹በል ሂድ፣ ረፍዶብሃል› አልኩት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አንስተነው አናውቅም። ከዚያ ከእስያ ሲመለስ ያንን ሥዕል አመጣልኝ። አንድ ለሷ፣ አንድ ለኔ። እኔ በበኩሌ በቅቶኛል።» ብርጭቆዎቹን ትሪው ላይ መደርደር ጀመረች። «እናትሽ ይሄን እንዳታውቅ። ስሙን ደግሞ ቀይሪው።»

መርፌ በማግስቱ ጠዋት፣ ለቀስተኛ ከመምጣቱ በፊት፣ እናቷ መኝታ ክፍል ገባች። እናቷ በሩን ዘግታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ዳቦ በማርማላታ ትበላለች።

«ዝጊው» አለች አፏ እንደሞላ። «ሰው ፊት ስበላ፣ ባሏ ሞቶ እንዴት ዋጠላት ይላሉ። ሳልበላ ደግሞ ብዪ እያሉ ቁም ስቅሌን ያሳዩኛል። ተደብቄ ስበላ ነው ሁላችንም ሰላም የምናገኘው።»

መርፌ አጠገቧ ተቀምጣ ነገረቻት። የዣንጥላውን ነገር ትታ ሌላውን ሁሉ፤ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን፣ አንድ ስም መውደቁን፣ የዛሬ ከሰዓቱን ቀጠሮ። እናቷ ማኘክ አቆመች፣ ከዚያ ቀጠለች።

«የኔዋ ናት ቆልማማዋ?»

«ቆልማማ አይደለችም እማ። ብርጭቆው ነው…»

«ገብቶኛል። አስተማሪ ነበርኩ እኮ፣ ድንጋይ አይደለሁም።» የዳቦ ፍርፋሪውን ከጉልበቷ አራገፈች። «ላያት እፈልጋለሁ።»

«ማንን?»

«ጥንዚዛዋን። አይቻት አላውቅም። ሥዕሏን ነው የማውቀው።»

«ዛሬ? ሰው እየመጣ ነው። ዳይሬክተሩ ራሱ…»

«ይምጣ።» እናቷ በሩን ከፈት አድርጋ ወደ ወጥ ቤቱ ተጣራች። «እትዬ። እስቲ ነይ አንዴ።»

አክስቷ እጇ ውሃ እንደነካ መጣች።

«ጥቂት ልወጣ ነው» አለቻት እናቷ። «ሶፋው ላይ ተቀመጪልኝ።»

«አብደሻል እንዴ?»

«ማን ያውቃል ብለሽ ነው? ከቀብሩ ጀምሮ አንቺ ላይ አይደል ሲያለቅሱ የከረሙት።»

«ምን ብዬ ልቀመጥ?»

«ምንም አትበይ። እኔስ ምን አልኩ እስካሁን?» እናቷ የእህቷን ሻሽ ግንባሯ ላይ አስተካከለችላት፣ እንደ ልጅ። «አልቅሺ፣ ካሻሽ» አለቻት፤ ዓይኗን ግን አላየቻትም።

የሙዚየሙ ጥበቃ እናቷን ሲያይ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ከዚያ ምን ልትሠራ እንደመጣች ግራ ገብቶት መልሶ አጠለቀው። ምድር ቤቱ ሞቃት ነው፣ የአልኮልና የእሳት እራት መከላከያ ሽታ አለው። የአባቷ ነጭ ካፖርት ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። እናቷ ካፖርቱን አልፋ፣ ወንበሩን ስባ ማይክሮስኮፑ ፊት ተቀመጠች።

«እዚህ ቤት በየዓመቱ ለበዓል ግብዣ መጥቻለሁ» አለች። «አንድ ቀን በዚህ አሳየኝ ብዬው አላውቅም። እሱም ላሳይሽ ብሎኝ አያውቅም።»

መርፌ ሁለቱን ጥንዚዛዎች ጎን ለጎን አደረገችላት። እናቷ አንድ ዓይኗን ጨፍና አጎነበሰች። መርፌ እጇን ይዛ ማስተካከያውን እንዴት እንደምታዞር አሳየቻት።

«አየኋት» አለች። «የቷ ነኝ?»

«የግራዋ።»

«ታምራለች። ያቺኛዋም።» ከዚያ ቆይታ፣ «ያው ናቸው እኮ።»

«ያው ናቸው።»

መርፌ ናሙናውን ለወጠችላት፤ ሙጫው ውስጥ ያለውን መንጠቆ፣ ከላዩ የተጫነውን ብርጭቆ። እናቷ እሱን ከጥንዚዛዎቹ የበለጠ አየችው።

«አውቆ ነው ይሄን ያደረገው?»

«አላውቅም፣ እማ። ማንም ሊሳሳት ይችላል። ጀማሪ ነበር።»

«አንቺ ካላወቅሽ ማን ያውቃል?»

«ይሄ መሣሪያ ጥንዚዛ ነው የሚያሳየው» አለች መርፌ።

እናቷ ከማይክሮስኮፑ ቀና አለች። መስታወቱ ዓይኗ ዙሪያ ክብ ምልክት ትቶባታል። «ለመሆኑ የማንን ስም ነው የያዝሽው?»

«የአክስቴን ነበር። አሁን ወዳንቺ ልመልሰው ነው።»

«ማን መልሺው አለሽ?»

መርፌ የናሙናውን ሳጥን መዝጋት ጀመረች። እናቷ በአፍንጫዋ ሳቀች። «እሷ ናት። መቼም ይሄ አመሏ አይለቃትም።» ብድግ ብላ ክፍሏን ዞር ዞር አለችባት፤ ጠርሙሶቹን፣ መሳቢያዎቹን፣ የማሞቂያውን ቱቦ ነካካች። ካፖርቱ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«የዣንጥላውን ታሪክ መጨረሻ አታውቂውም» አለች። «ማንም አያውቀውም። ዞር ስል ፊቱን አየሁት። የሱቅ ዕቃ ሰብሮ ባለሱቁ የመጣበት ልጅ ዓይነት ፊት። የሚወድሽ ሰው ስትዞሪለት እንደዚያ አይሆንም። አፉን ሊከፍት ሲል እሺ አልኩት። ሳይቀድመኝ። ያልሰማ እንዳይሆን ብዬ ደገምኩለት።»

«እማ…»

«ተይ፣ አልተበደልኩም። ሰው ማሳፈር የማይችል ሰው ነበር፣ አንድ ቀን አላሳፈረኝም። ከዚያ በኋላም እንደወደደኝ አውቃለሁ፤ በራሱ መንገድ፣ ኮት እየተሳሳተ። ግን ያንን ቀልድ በየግብዣው የማወራው ለምን ይመስልሻል? ቀድሜ የምስቅበት ሌላ ሰው በሌላ መንገድ እንዳያወራው ነው። እሷ አላወቅሁም ብላ ነው የምትኖረው። እንደዚያ ብላ ትኑር።» የካፖርቱን ቁልፎች በጣቷ እየነካች ከላይ ወደ ታች ወረደች። «ሰውየውን እኔ ወስጄዋለሁ» አለች። «ጥንዚዛዋን ተይላት።»

መርፌ ማረሚያ ገጹን ከፈተችው። የሚቀየር ነገር አልነበረም። ያኔ ቧንቧ እንደመዝጋት ቆጥራ የጻፈችው ዓረፍተ ነገር እዚያው አለ፣ ነጠላ ሰረዙ ሳይጎድል። እናቷ ትከሻዋ ላይ ሆና እያየች፣ ፈርማ ላከችው። ሁለቱም ሴቶች አንዱን ነገር አንዷ ከሌላዋ ደብቀው፣ ሁለቱም ለሷ ነግረዋታል። ከእንግዲህ አንድ የሆኑትን ነገሮች ሳይነካኩ ለያይቶ የማኖሩ ሥራ የሷ ነው። ለዚህ ደግሞ ደንብ የጻፈለት የለም።

ሲመለሱ ደረጃው ላይ ሰው ቆሟል። ሳሎኑ ሞልቶ መተላለፊያው ላይ ወንበር ወጥቷል። ማንም አያወራም። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ ብስኩት ይዞ አይበላም። ዳይሬክተሩ የተዘጋጀበትን ንግግር ኪሱ ውስጥ መልሶ ከቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

አክስቷ ሶፋው ላይ ታለቅሳለች። ከቀብሩ ጀምሮ ያላለቀሰች ሴት፣ ምክንያቱም የሚስት እህት የሚፈቀድላት እንባ ልክ አለው፤ ጥቂት ታለቅሳለች፣ ከዚያ ሻይ ታፈላለች። አሁን ግን ልክ አልነበረውም። ድምጿን ሳትይዝ፣ ፊቷን ሳትሸፍን፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ እንደ ባዶ ዕቃ አስቀምጣ ነው። በሐዘን ቤት የተለመደውን አንድ ቃል አላወጣችም። የሟቹን ስም ብቻ ትጠራለች፣ ቀስ ብላ፣ ደጋግማ፣ ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት እንደምትጠራ ሰው።

«አሁን ገና ወጣላት፣ ምስኪን» አለች በሩ አጠገብ የቆመች አንዲት ጎረቤት በሹክሹክታ። «እስከ ትናንት እኮ ደርቃ ነበር። እኛማ ሰግተንላት ነበር።» ከዚያ ወደ መርፌ እናት ዞረች። «አንቺ እህቷ ነሽ አይደል?»

መርፌ እናቷን አየቻት።

«አዎ» አለች እናቷ። «እህቷ ነኝ።»

ወጥ ቤት ገብታ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀዳች። በሰዎቹ ጉልበቶች መካከል እየተሽሎከለከች፣ ይቅርታ ይቅርታ እያለች፣ ሶፋው ጋ ደረሰች። አክስቷ ያየቻት ውሃው አፍንጫዋ ስር ሲደርስ ነው። ደነገጠች። ቦታውን ልትለቅ፣ እጇን ሶፋው ላይ አስደግፋ ብድግ ማለት ጀመረች።

እናቷ በነፃው እጇ ትከሻዋን ይዛ፣ ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠቻት።